ላይነሩን የሚበላው ደረጃው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነው

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አምና የገዛነው ቤት ጓሮው ላይ ከመሬት በላይ የቆመ ክብ ፑል አለው፤ ወርዱ 24 ፊት ነው። የፕላስቲክ ደረጃው እየተንሳፈፈ ስላስቸገረን ባለቤቴ ሁለት ብሎኬት ጫነበት። ውስጡ የተነጠፈው ፕላስቲክ፣ ላይነሩ፣ እንዳይላጥ ብሎ ደግሞ ከሥሩ አሮጌ የመኪና የጎማ ምንጣፍ አነጠፈ። ዘንድሮ ስናየው ምንጣፉ የነበረበት ቦታ ቡናማ ሆኗል። ጎኑ ላይ ተጨማዷል። ደረጃው ራሱ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዟል። በበረኪናና በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት፤ አረንጓዴው ለቀቀ፣ ቡናማው ግን ንቅንቅ አላለም። ውሃውም የሚቀንስ ይመስለኛል። ሙሉ በሙሉ አፍስሰን፣ አጥበን፣ እንደገና ብንሞላውስ? ወይስ ላይነሩ አብቅቶለታል?»

ምላሽ፦

አያፍስሱት። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ማፍሰሻ ፓምፕ አዘጋጅታችሁ ከሆነ ግን አሁኑኑ ከሶኬቱ ንቀሉት።

የማፍሰሱ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። አገር ቤት ሮቶ ሲቆሽሽ ተደፍቶ፣ ተፈትጎ፣ ታጥቦ ነው የሚሞላው። የምናውቀው የሆቴል ገንዳም ኮንክሪትና ሴራሚክ ነው። የእናንተ ፑል ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ዙሪያውን ስስ የብረት ግድግዳ አለ፤ መሬቱ ላይ የተደለደለ አሸዋ አለ፤ በነዚህ ላይ ላይነር የምንለው የቪኒል ፕላስቲክ ተነጥፏል። ውሃውን የያዘው ላይነሩ ነው። ላይነሩን ደግሞ ቦታው ላይ የያዘው ውሃው ነው። 24 ፊት ወርድ ያለው ክብ ፑል 4 ፊት ውሃ ሲይዝ 13,600 ጋሎን ገደማ ይሆናል። ክብደቱ ከ50 ቶን ያልፋል። ያ ሁሉ ክብደት ሲነሳ ቪኒሉ ይኮማተራል። ዓመታት የቆየ ላይነር ደግሞ ፀሐይና ክሎሪን ልስላሴውን ወስደውበታል፤ አንዴ ከተኮማተረ መልሶ እንደ ድሮው አይለጠጥም። ውሃ ሲሞላበት በስኪመሩ (የውሃውን ገጽ ቆሻሻ የሚስበው ግድግዳው ላይ ያለ ቀዳዳ) አፍ ጥግ ወይም ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ቦታ ይቀደዳል። ለጽዳት ብለው አፍስሰው አዲስ ላይነር ለመግዛት የተገደዱ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። የጠየቁኝን ሁሉ ፑሉ ውሃ እንደያዘ መሥራት ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት የባለቤትዎ ነው፤ ግን አይፍረዱበት። ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ዕቃው ነው የተሳሳተው። አብዛኛው ሰው ላይነር የሚቀደደው በደረጃው ክብደት ይመስለዋል። ስለዚህ ከሥሩ ወፍራም ነገር ያነጥፋል፤ የተሻለ ወፍራም ሲያገኝ እሱን ይጨምራል። ክብደት ብቻውን ቪኒልን እምብዛም አይጎዳም። ቪኒልን የሚበላው መፋተግ ነው። 20 ጌጅ ተብሎ የሚሸጠው የተለመደው ላይነር ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ደረጃው ላይ ሰው በወጣ ቁጥር እግሩ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ወዲህ ወዲያ ይላል። ልጆች ዘለው ሲወርዱበት ደግሞ ይብሳል። አሁን ከደረጃው እግር ሥር አንዲት የአሸዋ ፍሬ አስገቡ። ሥራዋ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በቀን መቶ ጊዜ ትፍቃለች።

ባለፈው የበጋ ወራት አንድ ቤት ደረጃ ሳነሳ ከሥሩ የምስር ፍሬ የምታክል ጠጠር አገኘሁ። ላይነሩ ላይ ጨረቃ ስትጎድል የምትመስል ነጭ ቅርጽ ተስሏል። ሰማያዊው ሥዕል ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። ጣቴን ሳስኬድበት መሐሉ ላይ እንደ ምላስ የለሰለሰ ስስ ቦታ ነበር። ገና አልተበሳም። አንድ የዋና ወቅት ቢቆይ ግን ይበሳ ነበር። ጠጠሯ የመጣችው ደግሞ በልጆቹ ባዶ እግር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ አጠገብ እግር መታጠቢያ ሳፋ አስቀምጡ እላለሁ። ከምሸጠው ዕቃ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይኸው ሳፋ ነው።

ወደ ቡናማው ቦታ ልምጣ። የምንጣፉን ቅርጽ ይዞ ከወጣ የጎማ ሥራ ነው። ጎማ ውስጥ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉ። ቪኒል ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ኬሚካሎቹ ወደ ቪኒሉ ይሰርጋሉ፤ ከዚያም ቀለሙን ይለውጣሉ። ቆሻሻው ላይነሩ ላይ ያለ ሳይሆን ውስጡ የገባ ነው። ለዚህ ነው በረኪናው ያልነካው። ማንም የሚሸጥልዎ «ማስለቀቂያ» አይነካውም፤ ገንዘብዎን አይጣሉ። ደስ የሚለው ነገር ቀለሙ ላይነሩን አያፈስስም። ለዓይን ያስጠላል እንጂ ለውሃው ምንም አይደለም። አዲሱ ማንጠፊያ ሲቀመጥበት ይሸፈናል።

አንድ ነገር ግን ያጣሩ። በድስት ሽቦ እንደፈተጉት ነግረውኛል። የሽቦው ብናኝ ወለሉ ላይ ቀርቶ ዝጎ ከሆነ ከትልቁ ቡናማ ሌላ ትናንሽ ነጠብጣቦች ይኖራሉ። አንድ የቫይታሚን ሲ እንክብል ነጠብጣቡ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይሹበት። ከደበዘዘ ዝገት ነው፤ በዚያው ይለቃል። ካልደበዘዘ ተዉት። ሽቦውን ግን ዳግመኛ ወደ ፑሉ አያቅርቡ። ያ ነጭ የአስማት ስፖንጅ የሚሉትም ለላይነር አይሆንም፤ እሱም ሲፍቅ ሥዕሉን ይዞት ይሄዳል። ለስላሳ ጨርቅ ወይም የናይለን ብሩሽ ይበቃል።

ስለ በረኪናም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን በቀልድ አይውሰዱት። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ፑል ውስጥ የምንጠቀማቸውን የክሎሪን ዓይነቶችም እርስ በርስ አይቀላቅሉ። ዱቄቱንና እንክብሉን በአንድ ዕቃ ማስቀመጥ፣ አንዱ በተሰፈረበት ማንኪያ ሌላውን መስፈር፣ እሳት ሊያስነሳና ሊፈነዳ ይችላል። የየራሳቸው ዕቃ፣ የየራሳቸው ማንኪያ፣ ደረቅ ቦታ።

ክሎሪን ካነሳን የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራውን ስጀምር ለአንድ ቀን ብዬ ሦስት ኢንች የሚሆኑ እንክብሎች የደንበኛዬ ደረጃ ላይ አስቀመጥኩ። ተንሳፋፊው ማስቀመጫ ተሰብሮ ነበር። አንዱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። በማግሥቱ ስመጣ ሰማያዊው ላይነር ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ነጭ ክብ ቁጭ ብሏል። ደንበኛዬ እስከ ዛሬ «የአንተ ማኅተም» ይሉኛል። እንክብሉ ተንሳፋፊ ማስቀመጫ ውስጥ ቢሆንም ደረጃው ጀርባ ተወትፎ እንዳይቀር ይመልከቱ፤ አንድ ቦታ ከቆመ ያው ነው። ዱቄት ክሎሪን ስትጨምሩም መጀመሪያ በባልዲ ውሃ አሟሙት። ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ ዱቄት ላይ አይደፋም።

መጨማደዱ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ደረጃው ራሱ እየገፋ ላይነሩን ሰብስቦታል። ሁለተኛው የውሃው ጠባይ ነው። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድ ይበዛል) ከ7 ወርዶ ሲቆይ ቪኒሉ ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ይሰፋል። የሰፋው መሄጃ ስለሌለው ይታጠፋል። አብዛኛው ቤት የሚጠቀምበት የክሎሪን እንክብል ደግሞ አሲድነት ስላለው ሳይታወቅ ፒኤቹን ያወርዳል። ስለዚህ ፒኤቹን ከ7.4 እስከ 7.6 ባለው ያቆዩ፤ 7.2 ወይም 7.8 ቢደርስም አይደንግጡ። አልካሊኒቲው (ፒኤቹ ቶሎ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው) ከ80 እስከ 120 ፒፒኤም፣ ክሎሪኑ ከ1 እስከ 3 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ከሆነ ላይነሩ በሰላም ይኖራል። በዋና ወራት በሳምንት ሁለቴ መለካት ነው። መለኪያ ወረቀቱ ከቡና ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

ትንንሾቹን መጨማደዶች ሞቃት ቀን ጠብቀው በባዶ እግርዎ ተረከዝ ወደ ግድግዳው መግፋት ይችላሉ። ካልሄደ አይታገሉት። ዋናው ነገር ደረጃው እጥፋት ላይ እንዳይቆም ነው። የታጠፈ ቪኒል ሁለት ጊዜ ነው የሚፋተገው፤ ከላይ በደረጃው፣ ከውስጥ ከራሱ ጋር። የምንጣፉ ቦታ ከተጨማደደ ደረጃውን ወደ ሌላ ለጥ ያለ ወለል ያዛውሩት።

አሁን የሚያሳስበኝ ጥያቄ፦ ውሃው በእርግጥ እየቀነሰ ነው ወይ? «ይመስለኛል» አይበቃም። ባልዲ በፑሉ ውሃ ሞልተው ደረጃው ላይ ያስቀምጡ። የባልዲውን ውሃ ከውስጥ፣ የፑሉን ከውጭ በኩል በማርከር ምልክት ያድርጉ። ፓምፑ እንደወትሮው ይሥራ፤ ማንም አይዋኝ። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ትነት ነው። በሞቃት ቀን ሩብ ኢንች ያህል መቀነስ የተለመደ ነው። ፑሉ ከባልዲው ይበልጥ ከቀነሰ ግን ያፈስሳል። በእናንተ ሁኔታ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ደረጃው የቆመበት ቦታ ነው።

ደረጃውን ካነሱ በኋላ ፓምፑን አጥፍተው ውሃው እስኪረጋ ይጠብቁ። መነጽር ያድርጉና የምግብ ቀለም በጠብታ ወደ ተጠረጠረው ቦታ ያስጠጉ። ቀዳዳ ካለ ቀለሙ እንደ ክር ተስቦ ይገባበታል። ውሃ ውስጥ የሚሠራ የቪኒል ማጣበቂያና ቁራጭ ቪኒል አብረው ይሸጣሉ። ቁራጩን ክብ አድርገው ይቁረጡት፤ ጥግ ያለው በጥጉ ይነሳል። ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ሁለት ኢንች ይብለጥ። ቦታውን በጨርቅ ወልውለው ዝልግልጉን ያስለቅቁ። ማጣበቂያውን ከቀቡ በኋላ ቁራጩን እንደ እንጀራ ለሁለት አጥፈው ይዘውት ይውረዱ፤ ማጣበቂያው ከውስጥ ይሁን። እዚያ ዘርግተው ከመሐል ወደ ዳር እየጨፈለቁ አየርና ውሃውን ያስወጡ። አንድ ቀን አይነካ። ደረጃውንም በላዩ መልሰው አያቁሙበት።

እዚህ ላይ ወሰን አለ። ቀዳዳው ለረጅም ጊዜ ሲያፈስ ከርሞ ከሆነ ከሥር ያለው አሸዋ ታጥቦ ሄዷል። ወለሉን ሲረግጡ ድንገት የሚሰምጥ ጎድጓዳ ካለ፣ ከፑሉ ውጭ መሬቱ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ፣ የግድግዳው ግርጌ ከዛገ ወይም ወደ ውጭ ካበጠ፣ ልጆቹን አውጡ። ማንም እንዳይገባ ከልክሉና ባለሙያ ጥሩ። ይሄ በማጣበቂያ የሚያልፍ አይደለም። 50 ቶን ውሃ የያዘ ግድግዳ ሲለቅ ቀስ ብሎ አይለቅም።

ስለ ብሎኬቱም ልንገራችሁ። ደረጃው የሚንሳፈፈው ሁለት ምክንያት ስላለው ነው። ፕላስቲኩ ራሱ ከውሃ ትንሽ ይቀላል፤ ዋናው ግን ውስጡ የተያዘው አየር ነው። ብሎኬት ጠርዙ ሻካራ ነው፤ እየተፈረፈረ ያን የረገምነውን አሸዋ ራሱ ያመርታል። የአሸዋ ከረጢት የሚጭኑም አሉ፤ ከረጢቱ ሲቀደድ ጉዱ ይታያል። የደረጃው መመሪያ የክብደት ማስገቢያ ካለው በዚያ ይሂዱ። ከሌለው ክዳኑ ጠበቅ የሚል ወፍራም የፕላስቲክ ጋሎን በታጠበ አሸዋ ሞልተው ደረጃው ሆድ ውስጥ ያስገቡ።

ሰው የሚስተው ነገር ይኼ ነው፦ ውሃ ውስጥ ክብደት ይቀላል። አንድ ጋሎን ደረቅ አሸዋ በእጅዎ ሲይዙት 13 ፓውንድ ገደማ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን 5 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው የሚጫነው። በአሸዋው መሐል ያለውን አየር ውሃ ጨምረው ቢያስወጡት ወደ 8 ይደርሳል። ያው አሸዋ፣ ያው ጋሎን፤ ልዩነቱ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ አሸዋውን በውሃ አርሱት፤ እስከ አፉ ሙሉት፤ ክዳኑን አጥብቁት። ደረጃውን ስታስገቡም አዘንብሉት፤ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይውጣ። ዝም ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ከገፋችሁት ይታገላችኋል። በመጨረሻ የላይኛው ጫፉን ከፑሉ ጠርዝ ጋር በሚመጣው ማያያዣ እሰሩት። ከላይ ያልታሰረ ደረጃ ምንም ቢከብድ ይወዛወዛል።

ከሥሩ የሚነጠፈው ለደረጃ ተብሎ የተሠራ የቪኒል ማንጠፊያ ይሁን፤ ወይም ከላይነር የተረፈ ቁራጭ። ጎማ አይሆንም። ስጋጃም አይሆንም፤ አረንጓዴ ይቀልብልዎታል። ከደረጃው እግር በየጎኑ ጥቂት ኢንች ይትረፍ። ከመዘርጋትዎ በፊት ወለሉን በመዳፍዎ ዳብሱት። እጅ ዓይን የማያየውን ጠጠር ያገኛል።

አረንጓዴው ዝቃጭ ደግሞ የሚመጣው ደረጃው ውስጥ ያለው ውሃ ስለማይንቀሳቀስ ነው። ክሎሪኑ አይደርሰውም። ፓምፑ ውሃ የሚመልስበትን አፍ ትንሽ ወደ ደረጃው ያዙሩት። በሳምንት አንዴ ብሩሽ፤ በዋና ወራት ደግሞ በወር አንዴ ደረጃውን ነቅሎ ከሥሩ ማየት። አረንጓዴው ውስጡ ከገባ አውጥተው ሣሩ ላይ በቀጠነ በረኪና ይጠቡት። በደንብ ያለቅልቁት። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ወገብዎን አደራ።

በዚህ አጋጣሚ የደረጃውን ሆድ ይመልከቱ። ልጅ ጠልቆ ከጀርባው ወይም ከመሐሉ ሊሾልክ የሚችልበት ክፍተት ካለ፣ ያ ልጅ መውጫ ሊያጣ ይችላል። በአሜሪካ የፑል ደኅንነት መመሪያ መሠረት አራት ኢንች የሆነ ኳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ሊኖር አይገባም። መመሪያው የተጻፈው ለአጥር ነው፤ እኔ ለደረጃም እጠቀምበታለሁ። ከውጭ በኩል ያለው መሰላልም ሰው በሌለ ጊዜ መቆለፍ ወይም መነሳት አለበት። ሕፃን ለመውጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

የሜሪላንድ ክረምት ሲመጣ ደረጃው ፑሉ ውስጥ አይደር። በረዶ ደረጃውን ጨብጦ ሲያንቀሳቅሰው ላይነሩን ይፍቀዋል፤ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። ፑሉን በምትሸፍኑበት ቀን አውጥታችሁ፣ አሸዋውን አራግፋችሁ ጋራዥ አስገቡት። ጋሎኖቹም ይውጡ።

«አብቅቶለታል ወይ?» ላሉኝ፣ ከጻፉት ብቻ አላበቃለትም። ምንጣፉንና ብሎኬቱን ዛሬ ያውጡ። የባልዲውን ፈተና ያድርጉ። ቀዳዳ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ይለጥፉት፤ ደረጃውን አዛውረው በቪኒል ማንጠፊያ ላይ ያቁሙት፤ ዘንድሮን ያለ ሐሳብ ይዋኙ። ከውሃው በላይ ያለው የላይነሩ ዳር በጣትዎ ሲቆነጥጡት እንደ ደረቀ ቆዳ ከተሰነጠቀ፣ ወይም በለጠፉ ቁጥር ሌላ ቦታ ከከፈተ፣ ያን ጊዜ መቀየር ነው። የሚቀየረውም ቪኒሉ እንዲለጠጥ ፀሐይ ባለበት ሞቃት ቀን ነው እንጂ በጥቅምት ብርድ አይደለም። አሮጌው ሲወጣ ወለሉን በእጃችሁ ዳብሳችሁ ጠጠሩን ልቀሙ። ባለቤትዎን ይጥሩት፤ ይሄኛው ሥራ የእሱ ነው።